የማን እንደራሴ?

ወደ መርጡለ ማርያም የሄደ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የንግሥት እሌኒ ሕንፃ ፍርስራሽ ነው። ከሞጣ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከብቸና በስተ ሰሜን፣ ዓባይ ዞሮ ባቀፈው ደጋ ላይ፣ ሐረግና አበባ የተቀረጸበት ድንጋይ ከዘመናት በኋላም ቆሟል። እሌኒ የልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና አገር እንዳስተዳደረች፣ እ.ኤ.አ. በ1509 ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ እንደላከች ይተረክለታል። እንግዳውም ተደንቆ፣ ፎቶግራፉን አንሥቶ፣ ጠበሉን ቀምሶ ይመለሳል።

በዚያው አገር በ1960 ዓ.ም. የሆነውን ግን የሚያሳየው የለም። የሚታይ ድንጋይ የለውማ! የሞጣና የብቸና አውራጃ ገበሬ «ይህን ግብር አልከፍልም» ብሎ የተነሣበት ዓመት ነው። መንግሥትም መልሱን በወታደርና በአውሮፕላን የላከበት ዓመት ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ እምቢታ ነው። ስለ እንግሊዝ ፓርላማም ነው። የእነብሴን ገበሬና የለንደንን ሎርድ ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል። ግብር አገናኛቸው! ከዚያም አልፎ ሁለቱ የተለያዩበት ቦታ የት እንደ ሆነ ካላወቅን፣ አራት ኪሎ ላይ ያለው ቤት ለምን እንደ ተሠራ ሳናውቅ እንኖራለን ባይ ነኝ።

በየቡና ቤቱ፣ በየቢሮው፣ አንዳንድ ጊዜም ምሁር ነን በሚሉ ሰዎች ስብሰባ የምንሰማው አንድ አነጋገር አለ። «ፓርላማ የእንግሊዝ ተክል ነው፤ እነሱ ሰባት መቶ ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ የኛ ሕዝብ ገና አልበሰለም፤ ታገሡ እንጂ!» ይባላል። አነጋገሩ ትሕትና ይመስላል፤ ውስጡ ሲገለጥ ግን ንቀት ነው። ሕዝብ እንደ ንፍሮ የሚበስል ከሆነ፣ ለመሆኑ ድስቱ የማን ነው? እሳቱን የሚያነደውስ ማነው? «በሰለ» ብሎ ክዳኑን የሚያነሣው ሰው ሥልጣን ላይ ያለው ራሱ ከሆነ፣ ወጡ መቼም አይወጣም።

እንግሊዞች በስለው ነበርን?

እስቲ እንየው። (በዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1215 ንጉሥ ጆንን ራኒሚድ በሚባል መስክ ላይ አስጨንቀው ማግና ካርታ የተባለውን ሰነድ ማኅተም ያስመቱት ሰዎች ዴሞክራቶች አልነበሩም። ንጉሡ በፈረንሳይ አገር ለከሸፈበት ጦርነት ገንዘብ እያስከፈለ ኪሳቸውን ያራቆተባቸው መሳፍንትና ባላባቶች ነበሩ። የየራሳቸውን ጭሰኛ ነጻ ለማውጣት አልተነሡም፤ ለራሳቸው ተነሡ። እጃቸው ንጹሕ አልነበረም ማለት ነው። ነገር ግን «ያለ ምክራችን አታስከፍለንም» የሚል ቃል በወረቀት ላይ አስጻፉ።

በ1265 ሲሞን ደ ሞንትፎርት የተባለ በንጉሡ ላይ ያመፀ መኰንን፣ ከየአውራጃው ባላባት፣ ከየከተማው ነዋሪ አስጠርቶ አንድ ጉባኤ አደረገ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1295፣ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ራሱ ይህንኑ ደገመው። ሕዝቡን ስለ ወደደ ነውን? አይደለም። ጦርነት በየአቅጣጫው ተነሥቶበት ገንዘብ ስላስፈለገው ነው። የጥሪው ደብዳቤ ልብ ይባልልኝ! የሚመጡት ሰዎች የላካቸውን አገር የሚያስገድድ ሙሉ ሥልጣን ይዘው እንዲመጡ ያዛል። በኛ ፍርድ ቤት አነጋገር «ሙሉ ውክልና» ይዛችሁ ቅረቡ ማለት ነው። ዘዴው ግልጽ ነው፤ ሰዎቹ በጉባኤው ላይ እሺ ካሉ በኋላ አገሩ «አልሰማሁም፣ አልተስማማሁም» እንዳይል ነው።

እንግዲህ ውክልና የተፈለሰፈው ለንጉሡ ምቾት ነበር። ዳሩ ግን ገመድ ሁለት ጫፍ አለው። እሺ እንዲል የተጠራ ሰው እምቢ ማለትም እንደሚቻል ማወቁ አይቀርም። እያደር «ገንዘቡን እንሰጣለን፤ አስቀድሞ ግን አቤቱታችን ይሰማ» ማለት ጀመሩ። ይህቺ ትንሽ ዐረፍተ ነገር የፓርላማ ነፍስ ናት። የቀረው ሁሉ፣ ዊጉም፣ ካባውም፣ ወርቃማው በትርም፣ ልብስ ነው።

በ1628 ቀዳማዊ ቻርልስ ገንዘብ ቸገረውና ፓርላማውን ሰበሰበ። ፓርላማው «የመብት አቤቱታ» የሚባለውን ሰነድ አስቀበለው፤ ያለ ፓርላማ ስምምነት ግብር እንዳይጥል፣ ሰውንም ያለ ምክንያት እንዳያስር። ንጉሡ ቃሉን አጠፈ። ከ1629 ጀምሮ ዐሥራ አንድ ዓመት ያለ ፓርላማ ገዛ፤ «የመርከብ ገንዘብ» የሚባል ግብርም በራሱ ትእዛዝ አስከፈለ። ጆን ሃምደን የሚባል ባለርስት «ይህን ግብር አልከፍልም» ብሎ በፍርድ ቤት ተሟገተ። ተረታ። ክርክሩ ግን አገሩን ሁሉ አነቃ። በ1642 ንጉሡ ወታደር አስከትሎ፣ ሃምደን ያለባቸውን አምስት እንደራሴዎች ለመያዝ ምክር ቤቱ ድረስ ገባ። አፈ ጉባኤው ሌንታል ሰዎቹ የት እንዳሉ ሲጠየቅ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ይህ ምክር ቤት ካላዘዘኝ በቀር የማይበት ዓይን የምናገርበትም አንደበት የለኝም ሲል መለሰ። በዚያው ዓመት ጦርነት ተነሣ። በ1649 የንጉሡ አንገት ተቀላ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ለንደን ላይ ያን ቀን ተሻረ። በ1689 የወጣው የመብት ድንጋጌ ደግሞ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ለዘውዱ ገንዘብ ማስከፈል ሕገወጥ ነው ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ጸደቀ? ኧረ እንዴት ብሎ! ኦልድ ሳረም የሚባል ሰው የማይኖርበት ጉብታ ሁለት እንደራሴ ሲልክ፣ ማንቸስተርን የሚያህል የፋብሪካ ከተማ እስከ 1832 ድረስ የራሱ እንደራሴ አልነበረውም። በ1819 እንደራሴ ይሰጠን ብሎ በዚያው ማንቸስተር ሜዳ ላይ የተሰበሰበውን ሕዝብ ፈረሰኛ በጎራዴ በተነው፤ ሰው ሞተ። ሴቶች በ1918 ሲመርጡ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ብቻ ነበሩ፤ ከወንዱ እኩል የሆኑት በ1928 ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት እንግሊዝን ለማወደስ አይደለም። «በስለው ነበር» የሚለው ነገር ሐሰት መሆኑን ለማሳየት ነው። መሃይም ነበሩ፤ ስግብግብ ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው ይተራረዱ ነበር። የነበራቸው ብስለት ሳይሆን እምቢታ ነው። እምቢታቸው ደግሞ ጣራና ግድግዳ ያለው ቤት አገኘ።

በስጦታ የመጣ ቤት

ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የታወጀው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ ሞዴሉ የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ሁለት ምክር ቤት ተቋቋመ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። የመወሰኛውን አባሎች ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የመምሪያውን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና ሹሞቹ ይመርጡለታል ይላል።

«እስኪችል ድረስ!» ዛሬ በቡና ቤት የምንሰማው «ገና አልበሰለም» የትውልድ ቦታው እዚህ ነው። ሥልጣን ላይ ያሉ ሰዎች ስለ ሕዝቡ አንድ ብይን ሰጡ፤ ብይኑም አንቀጽ ሆኖ ተጻፈ። ይግባኝ የሚባልበት ቦታ አልተሠራለትም።

ልዩነቱን አጥብቀን እንያዘው። ኤድዋርድ ጉባኤውን የጠራው ያለ እሱ ገንዘብ ስለማያገኝ ነበር። የኛ ንጉሠ ነገሥት ግን ከጉባኤው የሚፈልጉት ፈቃድ አልነበረም። ምክር ቤቱ ለአገሪቱ የተሰጠ ስጦታ ነበር፤ የሥልጣኔ ምልክት፣ ለውጭ መንግሥታት የሚታይ ጌጥ። ስጦታ የተቀበለ ሰው ደግሞ ያመሰግናል እንጂ አይጠይቅም። ሰጪውም ሲፈልግ መልሶ ይወስደዋል።

በ1948 ዓ.ም.፣ በንግሥናው 25ኛ ዓመት በዓል፣ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። አሁን የሕግ መምሪያው አባሎች በሕዝብ እንዲመረጡ ተፈቀደ። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ተወዳዳሪውም የመሬት ወይም የሌላ ንብረት ባለቤት መሆን ነበረበት። ቢሆንም ሰው ተሰልፎ መረጠ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን የመሰሉ አርበኛና ደራሲ ሴት ምክር ቤት የገቡት በዚያ በመጀመሪያው ምርጫ ነው። እዚያ የተቀመጡት ሁሉ ከንቱ ነበሩ ማለት ግፍ ይሆናል።

እነዚህ ሰዎች «የሕዝብ እንደራሴ» ተባሉ። ቃሉን አስቡት። «እንደ ራሴ» ማለት ነው፤ እኔ በሌለሁበት እንደ እኔ የሚሆን። ግን ይህ ስም ቀድሞ ባለቤት ነበረው። የየጠቅላይ ግዛቱ ገዢ «እንደራሴ» ይባል ነበር። እሱ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ «እንደ ራሴ» ነው። ስለዚህ የጎጃም ገበሬ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ዓይነት ሰዎች ነበሩት። አንዱ ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ የንጉሡን ቃል ወደ እሱ ያወርዳል። ሌላው አዲስ አበባ ተቀምጦ የእሱን ቃል ወደ ንጉሡ ያወጣል ተብሏል። በ1960 ዓ.ም. ሁለቱ ተፈተኑ።

የርስት አገር እምቢታ

ጎጃም የርስት አገር ነው። መሬቱ በአባትና በእናት ዘር ተቆጥሮ የሚደረስበት ነበር፤ ሰውዬው ባለርስት የሚሆነው ከአቅኚው አባት መወለዱን ቆጥሮ ነው። ግብሩም በጋሻ ተለክቶ ሳይሆን በቆየው ልማድ ይከፈል ነበር። መንግሥት በ1937 ዓ.ም. ባወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ሌላው አገር ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ ሲመደብ፣ ጎጃም አልተለካም። ከነጻነት ማግሥት ጀምሮ የመለካት ነገር በተነሣ ቁጥር እምቢ ይላልና።

ይህ ሞኝነት አልነበረም። ገበሬው ቀላድ በደቡብ ምን እንዳደረገ ያውቃል። ገመዱ ዞሮ መሬቱ በጋሻ ሲሸነሸን ባለመሬቱ ሌላ ሆነ፤ አራሹ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። በዚያ ላይ የብቸና አገር በላይ ዘለቀን የወለደ አገር ነው። ጣሊያንን አምስት ዓመት በዱር የተዋጋው ያ አርበኛ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት የተቀጣው በገዛ መንግሥቱ ነው። ይህን ያየ ሰው ከአዲስ አበባ የሚመጣን ወረቀት በጥርጣሬ ቢያነበው ይፈረድበታልን?

በኅዳር 1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ላይ የሚከፈለው የግብር አዋጅ ወጣ። በወረቀት ሲታይ ክፉ ሕግ አልነበረም። ጥንታዊውን አሥራት ሽሮ፣ ብዙ ያገኘ ብዙ እንዲከፍል የሚል ነው። በፓርላማውም ዝም ብሎ አላለፈም፤ እንደራሴዎቹ ተከራክረውበታል፣ አሻሽለውታል። የተከራከሩበት ዋና ምክንያት የባለመሬቱ ጥቅም እንደ ነበር አይካድም። ነገር ግን ክርክር ነበር። አዋጁ በሕጉ መንገድ ሄዶ ጸደቀ።

ታዲያ አዋጁ ጎጃም ሲደርስ ምን ሆነ? ገበሬው «እንደራሴዬ ተስማምቶበታል» አላለም። የሚገርመኝና የዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ነገር ይህ ነው። ምክር ቤቱ ከተከፈተ 36 ዓመት ሆኖታል፤ ሕዝቡ መምረጥ ከጀመረም ዐሥር ዓመት አልፎታል። ያም ሆኖ አዲስ አበባ ላይ የተባለው «እሺ» የሞጣን ገበሬ «እሺ» አልሆነም። ኤድዋርድ በ1295 የፈለገው «ሙሉ ውክልና» በጎጃም አልነበረም። ወንበር ነበረ፤ ደመወዝ ነበረ፤ ስም ነበረ፤ ውክልናው ግን አልነበረም። ገማቹ ማሳ ሊያይ ሲመጣ ገበሬው ያየው ገማቹን አልነበረም፤ ከኋላው የሚከተለውን ገመድ ነው።

ገማቾቹ ተባረሩ። ሞጣና ብቸና ተነሡ፤ ዳሞትም ተነሣ። የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ነበሩ፤ ሕዝቡ በእሳቸውም አስተዳደር ተማሮ ነበር። በ1960 ክረምት መንግሥት ጦር ላከ፤ የአየር ኃይሉ አውሮፕላኖች በጎጃም መንደሮች ላይ ቦምብ ጣሉ። እምቢታው ግን አልበረደም። በመጨረሻ መንግሥት ወደ ኋላ አለ። እንደራሴው ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፉ ግብር ተማረ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሠራ ቀረ።

ገበሬው አሸነፈ ማለት ነው? አዎን፣ አሸነፈ። ምን አገኘ? እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ምሕረት መብት አይደለም

ቻርልስ በ1628 የተሸነፈ ጊዜ አንድ ወረቀት ተጻፈ። ወረቀቱ «ዘንድሮ ምሬያችኋለሁ» አይልም። «ከእንግዲህ ያለ ፈቃዳችሁ አላስከፍልም» ይላል። ንጉሡ ቃሉን ቢያጥፍ እንኳ ወረቀቱ ቀረ፤ ሃምደን ፍርድ ቤት የቆመበት መሬት ሆነ፤ ልጅ ለልጅ እየተቀባበለ በ1689 ሕግ አደረገው።

የጎጃም ገበሬ ያገኘው ምሕረት ነው። ምሕረት ከላይ ይወርዳል። የተማረ ሰው ጥፋተኛነቱ ተረስቶለት ነው እንጂ እውነተኛነቱ ታውቆለት አይደለም። ውዝፉ ሲሰረዝ «ግብሩ ያለ ፈቃዳችሁ ተጥሎ ነበርና ስሕተቱ የኛ ነው» ያለው የለም። ምክር ቤቱ ተሰብስቦ «የወከልነው ሰው ለምን አልተቀበለንም?» ብሎ ራሱን የመረመረበት ጉባኤ አልሰማንም። ጉዳዩ ከዙፋን ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ዙፋን ተመላለሰ፤ የሕዝብ እንደራሴው መሐል ቆሞ ተመልካች ሆነ።

ምሕረት በሽታውን እንደማይፈውስ ለማየት ስድስት ዓመት መጠበቅ ብቻ ይበቃል። ከጎጃም የተነሡት እንደራሴ የከፋ ገዢ ሆነው ተሾሙ። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ የጅማ ሕዝብ «እኚህ ሰው ይነሡልን» ብሎ አደባባይ ወጣ። ሕመሙ በዝውውር ደብዳቤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጅማ ተላከ ማለት ነው!

አሁን አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይመጣብኛል፤ አላልፈውም። «የ1960ው አመፅ የአድኃሪዎች ነው፤ ግብሩ ተራማጅ ነበር፤ ገበሬውን የቀሰቀሱት ጥቅማቸው የተነካባቸው ያገር ባላባቶች ናቸው» የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው። ባላባቱ ነበረበት፤ የራሱንም ጥቅም ይጠብቅ ነበር። ገበሬውም ቢሆን የተነሣው ለመላው የኢትዮጵያ ጭሰኛ አልነበረም፤ ለርስቱ ነው። ግን እኮ የራኒሚድ ባላባቶችም እንዲሁ ነበሩ! የእነሱን ስግብግብነት «የሕግ የበላይነት ጅማሬ» ብለን በትምህርት ቤት እየሸመደድን፣ የሞጣውን ሲሆን «የፊውዳል ርዝራዥ» የምንለው በየትኛው ሚዛን ነው? መብት ከንጹሕ እጅ አይጀምርም። ከተነካ ኪስ ይጀምራል፤ ቤት ካገኘ ያድጋል፤ ቤት ካጣ ወይ ይሸፍታል ወይ ምሕረት ይለምናል።

ደግሞስ ጥሩ ሕግ ስለ ሆነ ሳይጠየቅ ይጫንበት ማለት ምን ማለት ነው? ፓርላማ ያጸደቀው ሁሉ የሕዝብ ቃል አለመሆኑን እንግሊዞችም ያውቁታል። በ1380 ፓርላማቸው በነፍስ ወከፍ የሚከፈል ግብር አጸደቀ፤ በ1381 ገበሬው ዋት ታይለርን መሪ አድርጎ ለንደን ገባ። መሪው ተገደለ፤ አመፁ በደም ተደመሰሰ፤ ያን ግብር ግን ለረጅም ዘመን ማንም ሊደግመው አልደፈረም። ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ማርጋሬት ታቸር ሕዝቡ ያንኑ የጥንቱን ስም ያወጣለትን ግብር አመጡ። በመጋቢት 1990 ለንደን ውስጥ ረብሻ ተነሣ፤ በዚያው ዓመት ሴትዮዋ ከሥልጣን ወረዱ፤ በ1993 ግብሩ በሌላ ተተካ። ልዩነቱ የት ላይ ነው? በጎጃም ግብሩን ያነሣው የንጉሡ ምሕረት ነው። በለንደን ያነሣው ግብሩን ያጸደቀው ያው ምክር ቤት ነው። መራጩ ነገ እንደሚያባርራቸው የፈሩ እንደራሴዎች ቁጭ ብለው የገዛ ሕጋቸውን ሻሩ። መራጩን መፍራት! ምክር ቤትን ምክር ቤት የሚያሰኘው ይህ ፍርሃት ነው። የኛ እንደራሴዎች ፍርሃት አልጎደላቸውም፤ የሚፈሩት ግን ወደ ላይ ነበር።

ስሙ ተለወጠ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን ሲያወርድ ፓርላማውንም ዘጋው። ለንጉሡ እንኳ ያለቀሰ ሰው አይጠፋም፤ ለፓርላማው ግን ማን አለቀሰ? የሞጣ ገበሬ? ለምን ብሎ! በ1980 ዓ.ም. 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ መጣ፤ እጅ ማንሣት እንጂ እምቢ ማለት የማያውቅ ቤት ነበር። ሸንጎውም ሄደ። በ1987 ዓ.ም. አሁን ያለው ሕገ መንግሥት ወጣ፤ «እንደራሴ» የሚለው ስም ቀርቶ «ተወካይ» ሆነ።

ስሙ ተለወጠ፤ ገበሬው ግን አሁንም አቤቱታውን በእግሩ ነው ያመላለሰው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲከፋፈል፣ ባለፉት መንግሥታት በቀበሌ ሹመት የሠራው ሁሉ «ቢሮክራት» እየተባለ ከሌላው ያነሰ እንዲደርሰው ተደረገ። ክፍፍሉ የተፈጸመው በክልሉ ምክር ቤት አዋጅ ነው፤ ማለትም በተወካዮች ስም። የጎጃም ገበሬዎች ግን እሮሯቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ መጡ። ከማሳ እስከ አራት ኪሎ ባለው መንገድ ላይ ስንት ተወካይ ተቀምጧል? ቀበሌ አለ፤ ወረዳ አለ፤ ዞን አለ፤ ክልል አለ። ሰውዬው ይህን ሁሉ አልፎ በእግሩ ከመጣ፣ በመሐል ያሉት ሁሉ እሱን የሚወክሉ ሳይሆኑ እሱ ዘንድ የተወከሉ ናቸው ማለት ነው።

በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ያዙ። አንድም እምቢ የሚል ወንበር አልቀረም። ይህ ሲሆን ድል ተባለ፤ ተጨበጨበ። በዓመቱ እምቢታው በኦሮሚያም በአማራም መንገድ ላይ ወጣ። ቤት ውስጥ ቦታ ያጣ እምቢታ ወዴት ይሄዳል ብለው ኖሯል?

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ በአማራ ክልል ተኩስ በመነሣቱ ምክንያት የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አጸደቀ። ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን ሌሎች ይከራከሩበት። የኔ ጥያቄ ከዚያ በፊት ስላለው ጊዜ ነው። የዚያ አገር ሰው የመሬቱ፣ የማዳበሪያው፣ የደኅንነቱ ቅሬታ ጥይት ከመሆኑ በፊት በየትኛው ስብሰባ፣ በየትኛው ተወካይ አንደበት ቀረበ? ቀርቦስ ከሆነ ከድምፅ ብልጫ በቀር ምን መልስ አገኘ? ምክር ቤት ከጥይት በኋላ ከሚሰበሰብ ከጥይት በፊት ቢሰበሰብ አይሻልም ነበር?

ምን ይደረግ?

እንግሊዝን እንምሰል አልልም። ዊግ አንፈልግም፤ ሎርድም አያሻንም። ንጉሥ እንቅላም አልልም፤ እኛ ንጉሥ አውርደን ያተረፍነውን አይተነዋል። የምለው ሦስት ነገር ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ተወካዩ ግብርን፣ መሬትንና ጦርነትን በሚመለከት ሕግ ላይ ምን ብሎ ድምፅ እንደ ሰጠ መራጩ በስሙ ይወቅ። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ»፣ «በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» የሚለው ዜና ማንን ይጠቅማል? የሞጣ ሰው የሞጣን ተወካይ ድምፅ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ ነገ በምን ይመዝነዋል?

ሁለተኛ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው ይችላል ይላል። አንቀጹ የተጻፈው ለጌጥ ካልሆነ ይሠራበት። ይህን መብት በቃሉ የሚያውቅ መራጭ በየገበያው ቢጠየቅ ስንት ይገኛል? ከሠላሳ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው አንቀጽ ነው!

ሦስተኛ፣ «አልበሰለም» የሚለውን ቃል እንተወው። በ1960 ዓ.ም. መርጡለ ማርያም ዙሪያ ያለው ገበሬ ስለ ማግና ካርታ የሰማ አይመስለኝም። ነገር ግን በለንደን አራት መቶ ዓመት የፈጀውን ጥያቄ በአንድ ክረምት ጠየቀ። «ማን ሆነህ ነው፣ ማንስ ፈቅዶልህ ነው ከኔ የምትወስደው?» አለ። ከዚህ የበለጠ ምን ብስለት አለ? ያልበሰለው ጠያቂው ሳይሆን ጥያቄውን ይቀበል ዘንድ የተሠራው ቤት ነው።

የእሌኒን ድንጋይ እንጠብቀው፤ ይገባዋል። ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ ግን ጠበሉን ከቀመሰ በኋላ ዞር ብሎ ያገሩን ሽማግሌ ስለ 1960 ዓ.ም. ይጠይቅ። ከሚሰማውም ጋር አንድ ጥያቄ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ይመለስ፤ አራት ኪሎ ሲደርስም በበሩ ለሚገቡት አንድ በአንድ ያቅርብላቸው፦

ጌታዬ፣ እመቤቴ፣ እርስዎ የማን እንደራሴ ነዎት?